ላይ ታች የሚሉ ቃላት

የእንግሊዝኛ ትልልቅ ቃላት ለእኛ እምብዛም አያስፈሩም። «ኤክስቲንጉዊሽ»፣ «ፖስትፖን»፣ «ቶለሬት»፣ «ኢንቨስቲጌት» የሚባሉት ሁሉ ካባቸውን ደርበው፣ ትርጉማቸውን በጎናቸው አስከትለው ከመማሪያ መጽሐፍ ገጽ ላይ ወርደው የተዋወቁን ጨዋ እንግዶች ናቸው። አንድ ጊዜ ካወቅናቸው አይከዱንም፤ ዛሬም ነገም ያው ናቸው። የሚያስቸግሩት ደቃቆቹ ናቸው። «አፕ»፣ «ዳውን»፣ «ኢን»፣ «አውት»፣ «ኦን»፣ «ኦፍ»፣ «ኦቨር»፣ «አዌይ»። አንደኛ ደረጃ ሳለን ኳስና ሣጥን በተሣለበት ገጽ ላይ ያለ ብዙ ድካም የተማርናቸው የአቅጣጫ ቃላት። ላይ፣ ታች፣ ውስጥ፣ ውጭ ብለን ፈታናቸው፤ ተፈቱ። የባለቤቶቹን የዕለት ተዕለት ንግግር መስማት ስንጀምር ግን ያ በሥዕሉ ላይ የነበረ ኳስ ሣጥኑን ጥሎ መሄዱን እናያለን።

«ፑት» የሚለውን ግሥ እንውሰድ። ማስቀመጥ ነው፤ ከዚህ የቀለለ ግሥ የለም። «ፑት አውት» ሲባል ግን እሳት ማጥፋት ይሆናል። «ፑት ኦፍ» ቀጠሮ ማስተላለፍ፣ «ፑት አፕ ዊዝ» ደግሞ መታገሥ፣ ችሎ መኖር። እሳቱም፣ ቀጠሮውም፣ ትዕግሥቱም በአንድ ግሥ ተሸክመው፣ ልዩነታቸው የተንጠለጠለው በእነዚያ ደቃቅ ቃላት ላይ ነው። በመግቢያዬ የጠራኋቸው ትልልቅ ቃላት የእነዚሁ የክት ልብሶች ናቸው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ጽሕፈት ቤት ሲገባ «ኤክስቲንጉዊሽ» ይላል፤ ቤቱ ሲገባ «ፑት አውት»። እኛ በትምህርት ቤት በር ስለ ገባን ያገኘነው የክቱን ነው፤ የአዘቦቱ ልብስ የተሰቀለው ከጓዳ ነው።

የእነሱ ልጆች የሚጀምሩት ከጓዳ ነው። ገና ዓረፍተ ነገር ያልገጠመ ሕፃን ሁለት እጁን ወደ እናቱ ዘርግቶ «አፕ!» ይላል፤ እቀፊኝ ማለቱ ነው። ከእቅፏ መውረድ ሲያምረው «ዳውን!» ይላል። ግሡ አልመጣም፤ አቅጣጫው ቀድሞ መጥቷል። የኛ ሕፃን ደግሞ «እቀፊኝ» ነው የሚለው፤ በአንዲት ቃል ውስጥ ግሡንም፣ እናቱንም፣ ራሱንም ጠቅልሎ። ሁለቱ ቋንቋዎች የሚለያዩበት መንገድ የሚጀምረው ከእናት ጉልበት ሥር ነው።

የዚህን ችግር ስፋት ያየነው እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው ዝነኛ መዝገበ ቃላት መቅድም ላይ፣ ግሥን ከደቃቅ ቃል ጋር እያጣመሩ ትርጉም መለወጥ ለባዕዳን ከሁሉ የከፋ ችግር እንደሚፈጥር ጽፎ ነበር። ዛሬ በየሰዋስው መጽሐፉ የምናገኘው «ፍሬዛል ቨርብ» የሚለው ስም በስፋት የታወቀው ደግሞ ሎጋን ፒርሶል ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1925 ባወጣው መጽሐፍ ነው፤ ስያሜውን ያገኘሁት ከመዝገበ ቃላት ሊቁ ከሄንሪ ብራድሊ ነው ይላል። ነገሩ ራሱ ግን ከስሙ እጅግ ይቀድማል። ጥንታዊው እንግሊዝኛ እነዚህን ቃላት በአብዛኛው ከግሡ ፊት ይለጥፋቸው ነበር፤ «ኦቨርካም» እና «ዊዝስታንድ» የዚያ ዘመን ቅሪቶች ናቸው። በኋላ ዘመን ቅጥያዎቹ እየተመናመኑ ሄዱ፤ ከግሡ ኋላ የሚከተሉት ደቃቅ ቃላት ደግሞ እየበረከቱ መጡ። ዘመዱ ጀርመንኛ እስከ ዛሬ ከፊትም ከኋላም ያመላልሳቸዋል። የፈረንሳይኛና የላቲን ትልልቅ ቃላት በላይ በላዩ ሲጫኑበትም፣ የእንግሊዝ ሕዝብ ለገበያውና ለማጀቱ የያዘው የገዛ ደቃቆቹን ነው።

ደቃቆቹ ደግሞ እንደ ልባቸው ናቸው። «አፕ» ላይ ማለት ከሆነ «ኢት አፕ» ወደ ላይ መብላት ሊሆን ነው። አይደለም፤ አንዳች ሳያስቀሩ መብላት ነው። «ድሪንክ አፕ»፣ «ዩዝ አፕ» ሲሉም እንደዚሁ መጨረስን፣ ማሟጠጥን ይናገራሉ። በቁመቱ ከፍ እያለ የሚሄድ ነገር አፋፉ ላይ ሲደርስ ይሞላል፤ ላይነት ሙሉነት የሆነው ምናልባት በዚህ በኩል ይሆናል። እንዲህ ብለን መንገዱን ስናገኝ ደግሞ «በርን አፕ» እና «በርን ዳውን» ይመጣሉ። ወረቀት ወደ ላይ ይነዳል፤ ቤት ወደ ታች። ሁለቱም ዐመድ ሆነዋል፤ ቋንቋው ግን የአንዱን ማለቅ፣ የሌላውን መፍረስ አይቷል። «ስሎው አፕ» እና «ስሎው ዳውን» ሁለቱም ፍጥነት መቀነስ ናቸው። አንድን ነገር ለማድረግ ፈቃደኛ መሆንህን ለመግለጽ «አፕ ፎር ኢት» ብትልም «ዳውን ፎር ኢት» ብትልም ያው ነህ፤ ላይም ሁን ታች ተስማምተሃል። «ፎር ኢት» የሚለውን ትተህ «አይ አም ዳውን» ብቻ ካልህ ደግሞ ሰሚው መስማማትህን ይሁን ማዘንህን ከፊትህ ገጽታ ማንበብ አለበት።

እ.ኤ.አ. በ1980 ጆርጅ ሌኮፍና ማርክ ጆንሰን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት «ሜታፎርስ ዊ ሊቭ ባይ» በተባለው መጽሐፋቸው ለዚህ ዝብርቅርቅ ከሥር የሚፈስስ ውኃ እንዳለው አሳይተዋል። በእንግሊዝኛ ደስታ፣ ጤና፣ ብዛትና ሥልጣን ላይ ናቸው፤ ኀዘን፣ ሕመም፣ ማነስና መገዛት ታች። ጤነኛ ሰው ይቆማል፣ የታመመ ይተኛል፤ ቋንቋውም ሰውነቱን ተከትሎ ይናገራል። እኛም ከዚህ አልራቅንም። ሰው ሲሾም ከፍ ይላል፣ ሲሻር ከወንበሩ ይወርዳል፤ ሲያዝን አንገቱን ይደፋል፣ ሲደላው ቀና ይላል። ልዩነቱ ከሥዕሉ ላይ አይደለም፤ ሥዕሉን የሚሸከመው ቃል የቱ ነው የሚለው ላይ ነው።

በየቀኑ የምውልበት የባንክ መስኮት ለዚህ ጥሩ መታዘቢያ ነው። እንግሊዛዊው ቅጽ «ፊል ኢን» ያደርጋል፤ አሜሪካዊው በአብዛኛው «ፊል አውት» ይላል። አንዱ ወደ ውስጥ፣ ሌላው ወደ ውጭ ይሞላሉ፤ ቅጹ ያው ቅጽ ነው። ብድርን «ፔይ ዳውን» ማድረግ እየከፈሉ ማቃለል ነው፤ «ፔይ ኦፍ» ማድረግ ጨርሶ መገላገል። «ራይት ኦፍ» ሲባል ደግሞ ባንኩ ዕዳው ይመለሳል የሚለውን ተስፋ ቆርጦ ከሀብት መዝገቡ ያወጣዋል። እዚህ ላይ ብዙ ተበዳሪዎች በከንቱ ደስ ይላቸዋል፤ ከመዝገብ መውጣት ከተበዳሪው ትከሻ መውረድ አይደለምና። ከ«ፔይ ኦፍ» እና ከ«ራይት ኦፍ» ጫፍ የተቀመጠችው «ኦፍ» አንዲት ናት፤ አንደኛዋ ሰውዬውን ታሳርፋለች፣ ሁለተኛዋ ባንኩን ታሳዝናለች።

«ኦፍ» ከሁሉም ይልቅ ተንኮለኛ ናት። መብራቱ «ወንት ኦፍ» ከተባለ ጠፍቷል። የማንቂያው ደወል «ወንት ኦፍ» ከተባለ ግን መጮኽ ጀምሯል። በእንግሊዞቹ ቤት ወተቱም «ወንት ኦፍ» ሊባል ይችላል፤ ተበላሽቷል ማለት ነው። መብራቱ ከብርሃኑ፣ ደወሉ ከዝምታው፣ ወተቱ ከደኅንነቱ ተለየ ብለን ብንቈጥረው «ኦፍ» የምትናገረው መለየትን ነው። ከምን ተለየ የሚለውን ግን አትነግርህም፤ ያን የሚያውቀው አብሮ የኖረ ብቻ ነው። ስልክ ላይ «ሃንግ ኦን» ማለት ትንሽ ጠብቀኝ ነው፤ «ሃንግ አፕ» ደግሞ መዝጋት። ይህ ሁለተኛው የስልክ እጀታ በግድግዳ ላይ ከነበረ ማንጠልጠያ ይሰቀል ከነበረበት ዘመን የመጣ ነው። ግድግዳውም ማንጠልጠያውም ከብዙ ቤት ጠፍተዋል፤ «አፕ» ብቻ በኪሳችን በምንይዘው ስልክ ውስጥ ተንጠልጥላ ቀርታለች።

የአቅጣጫ ቃላት በእውነት አቅጣጫ በሚናገሩበት ጊዜ እንኳ ምድሪቱን አይታዘዙም። በብሪታንያ የባቡር ሐዲድ ልማድ ወደ ለንደን የሚያመራው መስመር «አፕ» ነው፤ ከለንደን የሚርቀው «ዳውን»፤ ተራራና ሜዳ አይጠየቁም። የኦክስፎርድ ተማሪ ወደ ዩኒቨርሲቲው «ይወጣል»፤ በጥፋት ከተባረረ «ወደ ታች ተላከ» ይባላል። በኒውዮርኳ ማንሃታን «አፕታውን» ሰሜን ነው፣ «ዳውንታውን» ደቡብ። ሜይን የተባለችው የአሜሪካ ክፍለ ግዛት ጠረፍ ከቦስተን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሆና ሳለ «ዳውን ኢስት» ትባላለች፤ የድሮ መርከበኞች ነፋሱን ከኋላቸው አድርገው ወደዚያ ይቀዝፉ ስለ ነበር፣ በነፋስ ቋንቋ «ታች» ሆነች። እኛ ግን ተራራ ላይ ያደግን ሕዝብ ስለ ሆንን ላይና ታቻችን በአብዛኛው እግር የሚያውቃቸው ናቸው። ላይ ጋይንትና ታች ጋይንት፣ ላይ አርማጭሆና ታች አርማጭሆ፤ ደጋ መውጣት፣ ቆላ መውረድ። የመጻሕፍት ትርጓሜ ሊቃውንቶቻችን እንኳ የላይ ቤትና የታች ቤት ተብለው ነው የተለዩት። «ላይ ታች ሲል ዋለ» የምንለውም ሰው ጉልበቱን ጨርሷል እንጂ ፈሊጥ ብቻ አልተናገርንም።

ሌናርድ ታልሚ የተባለው የቋንቋ ሊቅ ቋንቋዎችን በዚህ ረገድ ከሁለት ከፍሏቸዋል። አንደኞቹ የጉዞውን አቅጣጫ ከግሡ ውጭ በደቃቅ ቃል ይሸከማሉ፤ እንግሊዝኛ ከእነዚህ ወገን ነው። ሁለተኞቹ አቅጣጫውን በግሡ ሆድ ውስጥ ያኖራሉ፤ ሴማውያን ቋንቋዎች እዚህ ይመደባሉ። እንግሊዝኛ «ራን ኢን» ሲል ሩጫው ግሥ ነው፣ መግባቱ ጭራ። እኛ «ሮጦ ገባ» ስንል ዋናው መግባቱ ነው፤ ሩጫው አጃቢ። ለእነሱ ሰው እንዴት እንደ ተንቀሳቀሰ ይቀድማል፤ ለእኛ የት እንደ ደረሰ።

ስለዚህ ነው ገባ፣ ወጣ፣ ወረደ፣ ተነሣ የሚሉት ግሦቻችን ኑሯችንን ሁሉ የተሸከሙት። የባንክ ሥራ በአማርኛ ሁለት ቃል ነው፤ ገቢና ወጪ። ዕጣ ይወጣል፣ ስም ይወጣል፣ ነፍስ ይወጣል፤ ዋጋ ይወርዳል ተብሎ ተስፋ ይደረጋል። በሚኒባስ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ!» የሚለው አንድ ግሥ እንግሊዝኛን ያስጨንቀዋል፤ ከአውቶቡስ ሲሆን «ጌት ኦፍ»፣ ከትንሽ መኪና ሲሆን «ጌት አውት» ማለት አለበት፤ ቆመህ የምትንቀሳቀስበት ላይ «ኦን» ነህ፣ ጎንበስ ብለህ የምትገባበት ውስጥ «ኢን»። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን «ገባኝ» የምንለው ቃል ነው። ለእኛ ማስተዋል አንድ ነገር ከውጭ መጥቶ ልብ ውስጥ መግባቱ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ግን «ፊገር አውት»፣ «ፋይንድ አውት»፣ «ወርክ አውት» ይላል፤ የተሰወረውን ከጨለማ ጎትቶ ያወጣዋል። አንዱ እንግዳ እንደሚቀበል ቤቱን ከፍቶ ይጠብቃል፤ ሌላው እንደ ማዕድን ቆፋሪ ይወርዳል። እንቅልፍም እንደዚሁ ነው፤ እነሱ ይወድቁበታል፣ ሲነቁም «አፕ» ይላሉ። እኛን ግን እንቅልፍ ራሱ ይመጣብናል፣ ይወስደናል።

ይህ ሁሉ የቃላት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ልጽፈው አልነሣም ነበር። እናቴን የምትከተለው አክስቴ በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ፣ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ለብዙ ዓመት ሠርታለች። እዚያ ሥራ ስትጀምር ከሁሉ አስቀድማ የተማረችው «ፓስድ አዌይ» የሚለውን ነው፤ በዚያ ቤት ደጋግሞ የሚነገር ነገር ነውና። አንድ ምሽት ለፈረቃዋ ስትገባ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ያጠበቻትና ያጎረሰቻት አሮጊት «ፓስድ አውት» ብላለች ተብሎ ተነገራት። አክስቴ የሰማችው «ፓስድ» የሚለውን ነው። ከዚያ በኋላ የምትመጣዋን ደቃቅ ቃል ማን ይጠብቃል? ከመተላለፊያው ቁጭ ብላ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እንደ አገሯ ደረቷን እየመታች አለቀሰች። አሮጊቷ ግን ለጥቂት ደቂቃ ራሷን ስታ ነበር እንጂ አልሞተችም፤ አልጋዋ ላይ ተደግፋ ጭማቂ ትጠጣ ነበር። የሥራ ባልደረቦቿ መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። አሮጊቷም ነገሩን ስትሰማ የአክስቴን እጅ ይዛ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችም። የገዛ ልጆቿ በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጡላት ሴት በቁሟ ተለቀሰላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አክስቴ በኪሷ ትንሽ ደብተር ይዛ ትዞራለች፤ በግራው ገጽ ግሥ፣ በቀኙ ገጽ እነዚያን ደቃቆች። «ሰው የሚሞተውና የሚድነው በእነሱ ነው» ትለኛለች በስልክ።

የእሷን ደብተር ሳስብ አንድ ጥያቄ ያስጨንቀኝ ነበር። ማታ ማታ ግጥም የሚሞካክር ሰው በመሆኔ፣ ከእንግሊዝኛ ጥቂት ስንኝ ወደ አማርኛ ለመመለስ ስቀመጥ ትልልቆቹ ቃላት ቤታቸውን ያገኛሉ፤ «አፕ» እና «አዌይ» ግን ደጅ ይቀራሉ። ላይና ታች ብዬ ባስገባቸው ስንኙ ይንገዳገዳል። ታዲያ በአማርኛ አቻ የላቸውም ማለት ነው? መልሱን ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከታክሲ ረዳት አፍ ነው። «ጠጋ ጠጋ በሉ!»

እንግሊዝኛው «ሙቭ ኦቨር» የሚለው ይኸው ነው። «ሲት ዳውን» ቁጭ በል፤ «ስታንድ አፕ» ብድግ በል፤ «ላይ ዳውን» ጋደም በል፤ «ካልም ዳውን» ረጋ በል። «ድሮፕ ባይ» ጎራ ማለት፣ «ሾው አፕ» ከች ማለት፣ «ፌድ አዌይ» እልም ማለት። ሰውዬው ምግቡን «ኢት አፕ» ካደረገ እኛ ጥርግ አድርጎ በላ እንላለን፤ «ድሪንክ አፕ» ካደረገ ጭልጥ አድርጎ ጠጣ፤ «ጊቭ አፕ» ካለ እርግፍ አድርጎ ተወ። አቻዎቻቸውን በመስተዋድድ መንደር ስፈልግ፣ እነሱ «አለ» እና «አደረገ» ደጅ ተሰልፈው ቆመዋል። ብቻቸውን ብዙ የማይናገሩ፣ ሰዋስው በኅዳግ የሚያልፋቸው፣ የቤት ሰው ግን ያለ እነሱ አንድ ቀን የማይውል ቃላት። እንግሊዝኛ ለዚህ ሥራ አቅጣጫን ቀጠረ፤ አማርኛ ድምፅንና ቅርፅን። ጥርግ፣ ጭልጥ፣ እርግፍ ሲባል ትርጉሙ ከጆሮ ነው የሚጀምረው። በእንግሊዝኛ አምስት ዓመት የኖረ አበሻ «አፕ»ን እንደሚፈራ፣ አዲስ አበባ አምስት ዓመት የኖረ ፈረንጅም «ከች»ን ይፈራል።

የእኛዎቹም ሞትና ሕይወት ይለያሉ። «አረፈች» እና «አረፍ አለች» በሚሉት መካከል ያለው ርቀት በ«ፓስድ አዌይ» እና በ«ፓስድ አውት» መካከል ካለው አያንስም። አንደኛዋን ሰምተህ ነጠላህን ታዘቀዝቃለህ፤ ሁለተኛዋን ሰምተህ በሩን ቀስ አድርገህ ትዘጋለህ።

የአክስቴ ልጅ እዚያው አሜሪካ የተወለደች ናት፤ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። አማርኛዋ ልክ እንደ እኛ እንግሊዝኛ ነው፤ ትልልቆቹን ታውቃለች፣ ደቃቆቹ ያመልጧታል። በቅርቡ ለአያታችን ስትደውል፣ እማማ ጉልበቷን እንዳመማት ሰማችና በጣም አዘነች። ከዚያም በሙሉ ፍቅር «እማማ፣ እረፊ!» አለቻት። ይህ ቃል ባለጌ ልጅ የሚገሠጽበት መሆኑን ማን ይንገራት? እኛ በዙሪያው ያለን ሁሉ ሳቃችንን አፈንን። እማማ ግን አልሳቀችም። ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አረፍ በይ በይኝ፣ የኔ እናት» አለቻት። ልጅቷ ደገመችው። እማማም «እሺ፣ አረፍ እላለሁ» ብላ ትራሷን አስተካክላ ጋደም አለች።